የሰሊም በይ ዘር ነኝ ያለው ዘፋኝ

ማርች 4፣ 1991
ምንጣፍ አጠብኩ። ወገቤን ቆረጠኝ።
ማታ ልጄ ሴቪል ጋዜጣ ይዛ ገባች። «እማ፣ ዘፋኙ ጃቢር የኛው ከተማ የሸኪ ባላባት ዘር ነኝ ይላል! የሰሊም በይ!»
ሰሊም በይ አባቴ ነው። ከእኔ ሌላ ማን ተረፈና?

ማርች 5
ድሮ «የበይ ልጅ፣ የባላባት ዘር» ተብዬ ከትምህርት ቤት ተባረርኩ። ዛሬ በጋዜጣ ይፎከርበታል። የአባቴን ቤት ፈልጎ ይሆን?

ማርች 15
ከባኩ ድረስ መጣ። አበባ ይዟል።
«እመቤት ማህሩ ኻኒም፣ የአጎትዎ የናዲር ልጅ ነኝ።»
ናዲር? አባቴ በ1937ቱ አፈሳ ሲታሰር የጠፋው? ሞቷል ብለን አልቅሰናል እኮ።
«ስሙን ቀይሮ እስኪሞት ባኩ ኖረ።»
«እና እርስዎ ምን ፈልገው መጡ?»
እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ ባዶውን መለሰው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። የደበቀው ነገር አለ...

ማርች 16
እንግዳውን ስላላመንኩ ሴቪል ተቆጣችኝ። «ጆሮው እንኳ ያንቺው ነው!»
ጆሮ ማስረጃ ነው እንዴ?

ማርች 21
ኖቭሩዝ፣ የጸደይ አዲስ ዓመት። በዓሉ አልጣመኝም።

ማርች 29
ተመልሶ መጣ። ሳይቀመጥ ወረቀት ዘረጋ። የአባቴ የክስ መዝገብ ግልባጭ።
«ያን ዕለትም ይዤው ነበር... አፌ እምቢ አለኝ።»
መጨረሻው ላይ ምስክሩ ፈርሟል። ናዲር። የገዛ ወንድሙ!
«ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ይሄ ሰበብ አይሆንም።»
ሻይ አልቀዳሁለትም። ሄደ።

ኤፕሪል 11
ጋዜጠኛ ደወለ። «ጃቢር በእርግጥ ዘመድዎ ነው?»
አይደለም ብል አለቀለት። አገር ይስቅበታል። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር...
«የአጎቴ ልጅ ነው። አጎቴ በአባቴ ላይ መስክሯል። ሁለቱንም ጻፍ።»
«የምስክርነቱን ነገር እንኳ ራሱ ነግሮናል፤ በጋዜጣ ይውጣ ብሎ። እኛ ነን ያላመንነው።»
የጃቢርን ስልክ ቁጥር ጠየቅሁት።

ኤፕሪል 14
ጋዜጣው ላይ ወጣ። አንድም ነገር አልተሸፈነም። ሴቪል እያነበበች አለቀሰች።
ደወልኩለት። «ጃቢር» አልኩት፤ አሁን «እርስዎ» አላልኩትም።
«አባትህ የት ነው የተቀበረው?»
ነገረኝ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።
መቃብሩ ላይ ቆሜ ምን እንደምል አላውቅም። ልራገም ይሆን? አባቴን ገድለው የት እንደጣሉት የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ቆሜ የማለቅስበት ቦታ አልነበረኝም።

ለሁለቱም እዚያው አለቅሳለሁ።