የቀይ አፈር የአደጋ ስልክ

ሮሚዬ፣ ስለ ጂንካ ተራራ ልጽፍልሽ ነበር ይህን ፖስት ካርድ የገዛሁት፤ ትናንት ቀይ አፈር ያየሁት ግን ተራራውን አስረሳኝ። እዚያ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን አንድ ስልክ አለ። ያስገቡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት ማር አዋጥቶ፣ ማሩ ተሽጦ። ማንም ለግል ጉዳዩ እንዳይደውልበት ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ የሚከፈተውም ያዋጡት ሁሉ ባሉበት ነው።

ታዲያ ትናንት ገበያው ደርቶ ሳለ የእትዬ ተናኜ ማድቤት በእሳት ተያያዘ። አገሩ ሁሉ ሮጠ፤ ወደ ስልኩ! ራሳቸው እትዬ ተናኜ እንኳ «እኔም አዋጥቻለሁ!» እያሉ ከፊት ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ፈለቀ ሰዉ መሟላቱን አይተው ሳጥኑን ከፈቱ፤ እጀታውን አሽከርክረው «ጂንካ! እሳት! የውሃ ቦቴ ላኩልን!» ብለው ጮኹ።

ስልከኛዋ «ቦቴው እስኪደርስ የሚያጠፋ ሰው አለ?» አለች።

«ሞልቷል! አንድም የቀረ የለም፤ ሁላችንም ስልኩ ጋ ነን!»

«ታዲያ እሳቱ ጋ ማን አለ?»

ጓድ ፈለቀ መነጋገሪያውን ለእኔ ወርውረው ሮጡ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ውሃው ሲያልቅ ለገበያ የመጣው ቦርዴ፣ ያ ወፍራሙ የእህል መጠጥ፣ በእንስራው ተደፋበትና እሳቱ ጠፋ። እኛ ሰፈር ቢሆን አንዲት ኡኡታ ትበቃ ነበር፤ ኡኡታ መቼ ይቆለፋል!

«ቦቴው ይቅር፣ ጠፍቷል» አልኳት ስልከኛዋን።

«እንግዲያ ስልኩ በደንብ ይሠራል ማለት ነው» አለችኝ።

ካርዱ ሞላብኝ። እማማ አሰገደችን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለሰፈራችን ስልክ እናዋጣ ካሏችሁ ግን፣ መጀመሪያ ባልዲ በሉልኝ።

ነጋሽ