በእንግሊዝኛ የሰረቅነው ምርቃት

ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ፣ ስትቆጪም ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ ሰገነት፤

ከፀጉርሽ እስከ ጥፍርሽ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የባሕሬን ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? እመቤትሽ፣ ልጆቿ፣ ያቺ ካንቺ ትራስ በቀር አልተኛም የምትለው ድመትስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ማናችንም አልታመምንም። እዚህ ቤት የምታስለው ባጃጄ ብቻ ናት።

ዘሩባቤል ወረቀት ላይ ጻፈ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከደብተር ጋር ከተጣላሁ ወዲህ እስክሪብቶ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ግን የምነግርሽ ነገር በስልክ አይሆንም። እሁድ እሁድ ስትደውይ ስልኩን የምትይዘው እማዬ ናት፤ ድምፁንም ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ። የጅምላ ነጋዴው የአብዱልከሪም ልጅ ናጂያ እሁድ ወደ አንቺ አገር ትበራለችና በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። በርበሬው የበዛ ዳጣም አለበት። ዳጣውን ከመቅመስሽ በፊት ደብዳቤውን ጨርሺ፤ የቱ እንዳስለቀሰሽ ማወቅ አለብሽ።

ነገሩ የኤርሳዶ ነው። እማዬ በስልክ ወንድምሽ እዚሁ ቅርብ፣ ቤሌ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ ብላሻለች። ቤሌ አይደለም ያለው፤ ሞያሌ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሻገር ነው።

ዲፕሎማውን ይዞ ሁለት ዓመት ቤት እንደተቀመጠ ታውቂያለሽ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ደላላ አገኘ። የጎረቤታችን የወሰንየለሽ ልጅ በዚያው መንገድ ወጥቶ ታንዛኒያ ከገባ በኋላ ወሬው ጠፍቷል አይደል? እማዬ ይህን አንሥታ፣ "ወሰንየለሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክ በጠራ ቁጥር ብድግ ትላለች። እኔ እንደሷ ብድግ ቁጭ ስል አልኖርም። አልመርቅህም፤ ያለ ምርቃት መሄድ ከቻልክ መንገዱ ያውልህ" አለችው። አባታችን ካረፈ ወዲህ የሁለቱም ምርቃት ያለው እሷ ጋ ነው። ኤርሳዶ ደግሞ የእናቱ እጅ ራሱ ላይ ካላረፈ እዚህ ቅርብ ቢጠና ከተማ ድረስ እንኳ አይሄድም። ስለዚህ ቀረ። ቀረ እንጂ ልቡ ሄዷል፤ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አይበላም፣ ሲጠሩት አይሰማም።

አዘንኩለት። ሰጊዬ፣ ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ጥፋት ሁልጊዜ የሚጀምረው ሳዝን ነው።

በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን የውጭ እንግዶች መጡ። የሴቶች ኅብረት እንዲሸኛቸው ተባለና እማዬ አበባ ሰጪ ሆና ተመረጠች። ፈረንጅ ሲሄድ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። ሊቁን አገኘችው! የእኔ እንግሊዝኛ ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጀርባ የተለቀመ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ፤ መንገድ የሚመለከት ከሆነ ግን የሚበልጠኝ የለም። "ሀቭ ኤ ሴፍ ጆርኒ፣ ጎድ ቢ ዊዝ ዩ" አስባልኳት። መንገዳችሁ የቀና ይሁን፣ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን ማለት እንደሆነም ነገርኳት። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ብዋሽ ይሻል ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደች። ጎደሬ ስትልጥ ሴፍ ጆርኒ፣ ልብስ ስታሰጣ ሴፍ ጆርኒ። ዶሮዋ ከደጅ ስትወጣ ሴፍ ጆርኒ ተብላ ተሸኘች። ትንሿ እህታችን ሔርሜላ ወለሉ ላይ እየተንከባለለች ሳቀች። ኤርሳዶ እንኳ ሳቀ።

ሲስቅ ሳይ ሐሳቡ መጣልኝ፤ ለእሱም ነገርኩት። የዚያን ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ቤሌ ሥራ አለ ተብያለሁ ብሎ ቦርሳውን አነገተ። ለምን ለቤሌው ጉዞ አላስመረቃችሁትም ትይኝ ይሆናል። የቤሌ ምርቃት ቤሌ ላይ ያልቃላ! የፈረንጁ ግን ባሕር ያሻግራል፤ ስሌታችን ይሄ ነበር። እናም "እማዬ፣ እንግዶቹ ከመሄዳቸው በፊት በሰው ላይ ሞክሪው እንጂ። ኤርሳዶ ፈረንጅ ይሁን፤ ቦርሳ ይዟል፣ የቀረው መንጣት ብቻ ነው" አልኳት። "ካልሲው የተቀደደ ፈረንጅ!" ብላ ሳቀች። ሳቀች እንጂ ተነሣች፤ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ራሱ ላይ ጫነች። አንዲት ፊደል ሳትስት ሁሉንም አለችለት። እሱ ተንበርክኮ አሜን አለ፤ እንባውም መጣ። "ፈረንጅ አሜን ብሎ አያለቅስም፣ ጨዋታዬን አበላሸኸው" ብላ ትከሻውን መታ አደረገችው።

መናኸሪያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ቦርሳውን አውቶቡሱ ላይ የጫንኩለትም እኔው ነኝ።

እማዬ እንግዶቹን ስትሸኝ አዳራሹ አጨበጨበላት፤ አንዲት አሮጊት ፈረንጅም አቅፈው ሳሟት። ከዚያ ወዲህ ሴፍ ጆርኒ ያልተባለ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ከባጃጄ የሚወርደውን ተሳፋሪ ሁሉ ከደጅ ቆማ ትሸኛለች። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ሒሳቤን ሳልቀበል ባጃጄን አስነሥቼ እሸሻለሁ። ስለ ኤርሳዶ ስትጠይቀኝ ቤሌ ኔትወርክ የለም እላታለሁ።

ሮብ ዕለት በሰው ስልክ ከሞያሌ ደወለልኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ሆነው ታጭቀዋል፤ ሰኞ ትሻገራላችሁ ተብለዋል። "ዘሩ፣ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እማዬ ትታየኛለች፤ ግን እየሳቀች ነው። የተሰረቀ ምርቃት ይዤ ድንበር አልሻገርም። ንገራት። ሂድ ካለች እሄዳለሁ፤ ተመለስ ካለች እመለሳለሁ። ያለችውን ላክልኝ" አለኝ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ምን ላድርግ ብዬ አንቺን ልጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፤ መጠበቅ አልቻልኩምና ነገርኳት።

ለመንገር እንኳ እንዴት እንደተቸገርኩ! ኤርሳዶ ሞያሌ ነው ስላት "ነገ ደግሞ ለንደን ነው በለኝ" ብላ ሳቀችብኝ። ማልኩላት፤ የአንተን መሐላ ዶሮዋም አታምነውም አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ እውነት የምናገርበት አፍ አጣሁ። መጨረሻ ላይ ያመነችው እኔን አይደለም። ሔርሜላ በር ላይ ሆና ስትሰማኝ ኖሮ ማልቀስ ጀመረች፤ ያኔ እማዬ ዞር ብላ ፊቴን አየችው።

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመታችኝም። እጇን ስትጭንበት አውቅ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። እሱም ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። እጇን ገልብጣ መዳፏን አተኩራ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በወላይትኛ፣ "እንዲህ ብለህ ላክለት፤ እኔ የዚያን ዕለት የሸኘሁት ፈረንጅ ነው። ልጄን አልሸኘሁም። ልጄ ገና ከቤቴ አልወጣም" አለች። ሂድም ተመለስም አላለችም። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል ብትሞት አትጨምርም።

ቃል በቃል ጽፌ ላክሁት። የደወለበት ስልክ ዝግ ነው፤ መልእክቱ ላይ እስካሁን አንድ ራይት ብቻ ነው ያለው። እማዬ የኤርሳዶን የምሳ ድርሻ ከድና አስቀምጣለች፤ ሔርሜላ ልትነካው ብትል እጇን መታቻት።

ሰጊዬ፣ ሳይሻገር ለአንቺም መደወሉ አይቀርም። ታላቁ ነሽና ካንቺም አንዲት ቃል ይፈልጋል። እማዬ ያለችውን ንገሪው። ቢያለቅስ፣ ቢለምንሽ፣ ከእኔ ብሶ ቢያሞኝሽ እንኳ፣ እባክሽ መልካም መንገድ እንዳትይው። በየትኛውም ቋንቋ።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች። ሔርሜላ ሰላም ብላሻለች፤ ሮዝ ቦርሳዋን እንዳትረሺ። ወሰንየለሽ ከሰዓት ጀምራ መጥታ ከእማዬ ጎን ተቀምጣለች፤ ብዙም አያወሩም፣ እሷም ሰላም ብላሻለች። አብረውሽ ላሉት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። የኤርሳዶን ሰላምታ ራሱ ይንገርሽ።

ወንድምሽ ዘሩባቤል
ወላይታ ሶዶ
ቅዳሜ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.