ኮሪደሩ ይሰማል

ሐሙስ፣ የካቲት 6፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ልጅ፣ ለኔ ፌንጣ፤

እንዴት ነሽልኝ? እኔ አለሁ፤ ምላሴም ገና አልታመመም። ጽሕፈቱ የነርሷ ነው። ከኔ ክፍል ወረቀት እንኳ አይወጣም ስላሉ እሷ ደጃፉ ላይ ወንበር ስባ ትጽፋለች፣ እኔ ከአልጋዬ እጮሃለሁ። ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማል፤ ምስጢር ካለን ሌላ ጊዜ።

ከደረጃ ወድቄ የግራ ቁርጭምጭሚቴን በብረት እንዳሰሩልኝ ታውቂያለሽ። አጥንቱ ደህና ገጠመ፤ ቁስሉ ግን አልሽር አለ። መርፌው ቢቀያየር፣ ግሉኮሱ ቢንጠለጠል፣ ወይ ፍንክች! ዶክተሩን ብጠይቀው "እማማ፣ የያዘዎት ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላምዶታል" አለኝ። ገባኝ። እንደ ሰፈራችን ውሻ ማለት ነው፤ ድንጋይ ብታነሺበት ጅራቱን ይቆላልሻል። እዚሁ ሆስፒታል ከአልጋ አልጋ በእጅ የሚዞር ነው አሉ፤ ለዚህ ነው ለብቻዬ ያደረጉኝ። የሚገባው ሁሉ ጋውን ለብሶ ጓንት አጥልቆ ነው። "የጋለ ድስት መሰልኳችሁ?" እላቸዋለሁ።

ፊት ለፊቴ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ናት። እሷንም ይሄው ጉድ ይዟት ባለፈው ወር ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡላት። አሁን ትኩሳቷ ጠፍቷል፣ ትበላለች፣ በር ለበር እንሰዳደባለን። ይኸው አሁንም "አንቺ ሴትዮ፣ ድምፅሽን ቀንሺ! ያለ ደብዳቤም ትሰማሻለች!" ትለኛለች። እሱንም ጻፊው አልኳት ነርሷን።

"እኔ ሳልመጣ ምንም እንዳታደርጉ" ብለሽ ለዶክተሩ ደውለሻል አሉ። እናቴ፣ ከሥራሽ ፈቃድ እስክታገኚ በሽታው አይጠብቀንም። አንድ መድኃኒት ቀርቶ ነበር፤ እሱም ኩላሊቴን ነካውና አቆሙት። ትኩሳቱ እየጨመረ ነው። ዶክተሩ "ደም ውስጥ ከገባ የምናጣው እግርዎን ሳይሆን እርስዎን ነው" አለኝ። ፈረምኩ። ስሜን መጻፍ አልረሳሁም። የሚቆርጡት ነገ ጠዋት ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ታለቅሺና ትረቺኛለሽ ብዬ ነው። ይሄ ሲደርስሽ አልፏል። እዚያው ሆነሽ ሥራሽን ሥሪ።

ሌላው፣ እልክልሻለሁ ያልሽኝን ጫማ እንዳትተዪው። ቁጥር ሠላሳ ስምንት። ጋጋሪዋም ሠላሳ ስምንት ናት፤ ግራው ለሷ፣ ቀኙ ለኔ። እሷ ቀይ ይሁን ትላለች፣ እኔ ጥቁር። "በዚህ ዕድሜሽ ለማን ልትታዪ ነው?" ብላት "ለባክቴሪያው!" አለችኝ። እስክንስማማ ቡኒ ላኪ።

ነርሷ "ሌላ የሚጻፍ አለ፣ እማማ?" ትለኛለች።

አለ። ግን ኮሪደሩ ይሰማል።

የረገጥሽው ይለምልም፣ ልጄ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

ያቺው ለፍላፊ አያትሽ