እሁድ ጠዋት፣ ብሩክ ቤት

ብሩኬ፣ ወንድሜ፣

የሰማንያ ቀን ተዝካርህ ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም። ያለፈውን የውድድር ዓመት የመጨረሻ የመኪና ውድድር አይተን ቴሌቪዥኑን ስትዘጋው፣ እስከሚቀጥለው ድረስ ያለው ሦስት ወር እንዴት ነው የሚያልፈው ብለህ አማርረህ ነበር። በዚያው ሳምንት ታመህ ተኛህ፤ ከሆስፒታልም ሳትመለስ ቀረህ። ሦስት ወሩ ግን አለፈ። እንዴት እንዳለፈ እኔም አላውቅም።

ነገ እሁድ የዘንድሮው የመጀመሪያ ውድድር ነው። የምጽፍልህ አንዱ ስለዚያ ነው። ሌላው ደግሞ ስለደከመኝ ነው፤ ደክሞኛል ብዬ የምነግረው ሰው አንተ ነበርክ።

ቤታችን ያው ጀሞ ነው፣ ያው አራተኛ ፎቅ። ውሃው አሁንም እኛ ፎቅ ድረስ ስለማይወጣ ከታች ጀሪካን የማመላልሰው እኔ ሆኛለሁ። አንተ ሁለቱን ባንዴ ይዘህ እያፏጨህ ነበር የምትወጣው። እኔ አንዱን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ እላለሁ። ትምህርት ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየደረሰ ነው ይሉናል፤ እኔ ደግሞ ዴስክ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ። ደህና ነህ ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ሌላው መልስ ረጅም ነው።

እማዬ ጥቁሯን ለብሳ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ሬሳህ በወጣ ቀን ቴሌቪዥኑን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ እስካሁን አልተነሳም። ሶፋው ግን እንደ ድሮው ወደ ቴሌቪዥኑ እንደዞረ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናታችንን ነጭ ነጠላ ፊት ለፊት ተቀምጣ አገኛታለሁ። የሥራ ቱታህ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ አልታጠበም። አሁንም ጎማ ጎማ ይሸታል።

ባለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ ይህ ቤት ምን ይመስል እንደነበር ሳስበው የሌላ ሰው ቤት ይመስለኛል። ኳስ የሚያሳዩት ቤቶች ለመኪና ውድድር ቦታ የላቸውም፤ የመጀመሪያው ውድድር ደግሞ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጎህ ሲቀድ ስለሆነ እሁድ በዚያ ሰዓት በሩን የሚከፍት የለም። ያለን አንተ ያስገባኸው ዲሽ ብቻ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ቴዲ እንቅልፉን ሳይጨርስ ይመጣል። ሚሊዮን ባጃጁን ከጎፋ አስነስቶ ይደርሳል። መካኒሳ ጎሚስታ ቤት ጎማ እየጠገኑ አብረውህ የሚሠሩት ልጆች እጃቸው ላይ ጥቁሩ ሳይለቅ ይገባሉ። በር ላይ የጫማው ክምር ሰው አያሳልፍም ነበር። አንተ ድምፁን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለህ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ከወዲያ በኩል ግድግዳውን ይደበድባል፣ አንተ ትቀንሳለህ፣ መኪኖቹ ሲነሱ መልሰህ ትከፍተዋለህ።

ከዚያ ትተረጉምልናለህ። እንግሊዝኛው ሲፈጥንብህ ምን እንደምታደርግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋዜጠኛው ብዙ ይናገራል፣ ሁሉም ወደ አንተ ይዞራል፣ አንተ ትንሽ ታስባለህ፣ ከዚያ ኮስተር ብለህ "ጎማው ነው" ትላለህ። መኪና ወደ ኋላ ከቀረ ጎማው ነው። ሾፌሩ በሬዲዮ ከተሳደበ ጎማው ነው። አንዴ መኪናው ከኋላው በጭስ ተሸፍኖ፣ ሞተሩ መቃጠሉን ሕፃን እንኳ እያየ፣ ጎማው ነው አልክ። ቴዲ ያኔ ጎሚስታ ከሆንክ ወዲህ ሰው ቢታመም እንኳ ነፋስ ሙሉለት ማለት ጀምረሃል ብሎ እስኪበቃው ቀለደብህ። እኔ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ትክክለኛውን ሰምቼ ነበር። ግን ያንተው ይሻል ነበር።

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ጫማውን ተሻግራ በሩ ላይ ትቆምና "አሁንስ ዞረው ዞረው የት ደረሱ?" ትል ነበር። አንተም ዓይንህን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል "የተነሱበት" ትላታለህ። በየውድድሩ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ ነው፤ በየውድድሩም እንስቅ ነበር።

አሁን ይህ ሳምንት ያመጣውን ልንገርህ። ስልክህ አልተዘጋም። እማዬ ቡፌው ላይ ፎቶህ አጠገብ አድርጋ ቻርጅ ታደርገዋለች። ስልኩም የቤቱን ዋይፋይ ስለሚያውቅ የሚላክልህ ሁሉ ይገባል። ከውድድር ወዳጆች ግሩፕ ማንም አላስወጣህም። ማን ደፍሮ ያስወጣሃል? ሦስት ወር ሙሉ ግሩፑ ጭጭ ብሎ ቆይቶ፣ በዚህ ሳምንት ስለ አዲሶቹ መኪኖች ማውራት ሲጀምሩ ስልክህ ቡፌው ላይ ይበራ ጀመር።

ማክሰኞ ቴዲ እሁድ ጠዋት የት ነን ብሎ ጻፈ። ሚሊዮን፣ ሳያስብ፣ በየዓመቱ እንደሚለው "ብሩክ ቤት" ብሎ መለሰ። ከዚያ ማንም ምንም አልጻፈም። ሚሊዮንም አልሰረዘውም። ምን ብሎ ይሰርዘዋል?

እማዬ ስልኩን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ልጆቹ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጽፉት ማንበብ አልቻለችም። ምን ይሉታል ልጄን አለችኝ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ የሥራ ቦታ ልጆች ናቸው ማለት ይቻል ነበር። ለመዋሸትም አቅም አጣሁና እንዳለ አነበብኩላት። ስልኩን ቦታው መልሳ ወጥ ቤት ገባች። የዚያን ቀን ከእኔ ጋር ሌላ ቃል አልተናገረችም። እንደጎዳኋት አሰብኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ረቡዕ ጸጉሬን ልቆረጥ ቴዲ ጋ ሄድኩ። ማዘር በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ናቸው አለኝ ቀስ ብሎ፤ ነጠላውን አንስተን፣ አይተን፣ ሳይመለሱ እንደነበረ እናለብሰዋለን። የዲሹን ካርድም ሳይነግረኝ ሞልቶታል። እኔም ማየት እፈልጋለሁ ብሩኬ፣ በጣም እፈልጋለሁ። ግን እማዬ ተመልሳ ነጠላው በሌላ አኳኋን ታጥፎ ብታገኘው ብዬ አሰብኩና አይሆንም አልኩት። ቴዲ አልተከራከረኝም። ወሬ ለመቀየር አንተ የምትደግፈው ሾፌር ዘንድሮ ቡድን መቀየሩን አነሳ፤ ብሩክ ይህን ሳያይ ቀረ፣ ተገላገለ ብሎ ሳቀ። ከዚያ የራሱን ቃል ሰማና መቁረጫውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ግማሽ ጸጉሬ ተቆርጦ፣ ግማሹ ሳይቆረጥ መስታወቱ ፊት ጠበቅኩት። ሲመለስ መቁረጫውን አንስቶ ቀሪውን ጨረሰልኝ።

ትናንት ዓርብ ከትምህርት ቤት ስገባ እማዬ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ገብስ ትለቅማለች። ለቆሎ ገብስ ስትለቅም ካየኋት ቆይቷል። ቀና ሳትል ስንት ትሆናላችሁ አለችኝ። አልገባኝም።

"እሁድ ነዋ" አለች። "ነጠላውን ቅዳሴ ሳልሄድ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ፤ እናንተ እንዳትነኩት። ድምፅ ግን አይከፈትም። ዓመቱ ሳይወጣ እዚህ ቤት ድምፅ አይከፈትም።"

ያለ ድምፅ ምንም አይገባቸውም አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"አንተ ንገራቸዋ። ድሮስ እሱ አልነበረም የሚነግራቸው?"

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ካለቀስኩ በኋላ ስልኬን አውጥቼ ከሚሊዮን መልስ ሥር አዎ፣ ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ ብዬ ጻፍኩ። ሳሎን ስወጣ ቡፌው ላይ ስልክህ በርቶ ነበር። እማዬ ምን ይላል ብላ አልጠየቀችኝም።

እና ነገ ጠዋት ይመጣሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ያንተ ድምፅ የለኝም፤ ሰው ፊት ስናገር አፌ ይደርቃል። የጋዜጠኛውን ድምፅ ሳልሰማ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ጋሽ ተፈራም ግድግዳውን የሚደበድብበት ምክንያት አይኖረውም፤ ያ ሁሉ መኪና ቤታችን ውስጥ ኮሽ ሳይል ይዞራል። ቴዲ ይቀልድ ይሆናል፣ መሀል ላይም ዝም ይል ይሆናል። እማዬ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ያን ጥያቄዋን ትጠይቅ እንደሆነ አላውቅም። ከጠየቀች መልሱን እኔ እመልሳለሁ፤ ብትስቅም ባትስቅም።

እንዳልረሳህ መሐላ አያስፈልገኝም። ጀሪካኑም፣ ቱታህም፣ ደረጃውም እንድረሳህ አይፈቅዱልኝም። ግን አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ያላወቅኩት ቦታ ላይ ስደርስና ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ፣ ትንሽ አስብና ኮስተር ብዬ ጎማው ነው እላለሁ። ሞተሩ እየተቃጠለ ቢሆንም።

ታናሽህ
ኪሩቤል