የደህናው ክንድ ኪሎ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5
ዛሬም ፊዚዮቴራፒ ክፍሌ የገባው ስምንት የተጎዳ ትከሻ። ስምንቱንም «አይዞህ፣ አይዞሽ» ብዬ ሸኘሁ። ለራሴ የተረፈኝ የለም።

መጨረሻ ላይ መድፍ መጣ። የእጅ ኳስ ተጫዋቹ። ስሙን ያወጡለት በረኞች ናቸው አሉ። ቀኝ ትከሻው ሁለቴ ወልቋል። ከኔ ጋር አራተኛ ወሩ። ከስምንት ሜትር ሃያ ውርወራ፣ በግማሽ ጉልበት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አክስቴንም አይከብዳትም።»

«የአክስትህ ትከሻ አልወለቀም።»

ሳቀ። እኔ ለመሳቅም ደከመኝ...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8
አሰልጣኙ ደወለ። የፍጻሜው ጨዋታ እሁድ አሥራ ስምንት ነው። «እህቴ፣ አንቺ ብቻ መጫወት ይችላል ብለሽ ፈርሚልኝ፣ ሌላውን ለኔ ተይው።» ሌላው ምንድነው? ሦስተኛ ከወለቀ ቀዶ ጥገና ነው። ከዚያ በኋላ እንኳን ኳስ፣ ሸሚዝ መልበስም ሊከብደው ይችላል። ይህን ለማን ነው የምተወው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 12
ፈተናው። የተጎዳው ክንድ የደህናውን ዘጠና ከመቶ ከገፋ ይጫወታል። የጉልበት መለኪያዋን ያዝኩለት፣ ገፋ። ቀኝ አሥራ አራት ኪሎ። ግራ አሥራ አምስት። አልፏል! አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። «ቀስ! ትከሻህን!»

ለምን ደስ አላለኝም? ድካም ይሆናል። ነገ እፈርማለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14
አልፈረምኩም። የድሮ ወረቀቱን አወጣሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግራው አሥራ ዘጠኝ ገፍቶ ነበር። ደህና ክንድ በአራት ወር እንዴት ይደክማል?

አልደከመም። ለግሟል። የታመመው አልጠነክር ሲለው ደህናውን አለገመው። የዘጠና ከመቶውን ነገር ቁጭ አድርጌ ያስረዳሁት ደግሞ እኔው...

ያናደደኝ ውሸቱ አይደለም። ሲገፋ ፊቱ ምን ይመስል ነበር? አላየሁም። ቁጥሩን ብቻ ነው ያየሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16
ጠራሁት። መለኪያዋን ግራ ክንዱ ላይ ደገፍኩ። «ግፋ።» አሥራ አምስት። «ግፋ እንጂ!» አሥራ አምስት። የድሮውን ወረቀት ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ለአሰልጣኙ ትነግሪያለሽ?»

«አልደረሰም ብቻ ነው የምለው።»

«እትዬ... ሠላሳ አራት ዓመቴ እኮ ነው። ሌላ ፍጻሜ የለኝም።»

«ሌላ ትከሻም የለህም።»

ምነው ባላልኩት። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢደረግመው ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ ጥቅምት 18
በአንድ ጎል ተሸነፉ። ከአሰልጣኙ መልእክት፦ «እንኳን ደስ ያለሽ።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 26
አልመጣም። ሰዓቱን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ባዶውን ክፍል ሳይ ቆየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ክፍሉን ስከፍት ደጁ ላይ ቆሟል። ሰላም ሳይለኝ ገብቶ መለኪያዋን ከመሳቢያ አወጣ። «ያዢ» አለኝ። ግራውን ገፋ። አንገቱ ተገተረ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ሃያ አንድ ኪሎ። ቀኙ አሥራ አራት ተኩል።

«ስንት ከመቶ ሆነ?»

«ስልሳ ዘጠኝ።»

«ጉድ ነው! ስንት ወር ይፈጃል?»

«አላውቅም።»

«እሺ» አለና ኳሱን አነሳ። ከአምስት ሜትር፣ አሥር ውርወራ። ሰባተኛው ላይ አቆመ። ክንዱን ይዞ መሬት መሬት አየ።

«እትዬ... አሞኛል።»

በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።