ለሙት ዓመትህ የመጣው በሬ

ልየው ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። አሁን ባጃጅ ከቆሰበር ገበያ እስከ በራችን ይመጣል፤ ከሥራህ ከጫግኒ ቆላ በተመለስክ ቁጥር ጭቃውን ስትራገምበት የነበረው መንገድ ጠጠር ፈሶበታል። የልጃችን የብርቄ የፊት ጥርሶች ወልቀው አዲስ በቅለዋል። ዳማው ፈረስህም ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ እኔን እንጂ ወንድምህን ፈንቴን አያስጠጋም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በአብራሪነት የምትሠራበት የእርሻ ድርጅት ሰዎች ገና ሳትቀበር፣ ሰብሉን መድኃኒት ስትረጭ ከልክ በላይ ዝቅ ብለህ አውሮፕላኑን በቆሎው ላይ እንደጣልከው አወሩ። ጎረቤቱም ተቀበለው። ሌላ ሰው የጫነለትን ኮርቻ ሁለት ጊዜ ስቦ ሳያይ የማይቀመጥ ሰው፣ አውሮፕላኑን እንዴት ሳያይ ወጣ ተባለ። እኔንም ዘንገና ሐይቅ ዳር መጋለብ ስታስተምረኝ በዚሁ ነበር የምታሰለቸኝ፤ ሳቢ፣ አሁንም ሳቢ።

አይተህ ነበር እኮ። መርማሪዎቹ በመጨረሻ የነገሩን ይህንኑ ነው። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ገመድ ጅራቱ ውስጥ በአንዲት ብሎን ይያዛል። ያን ሰሞን የጠገነው የድርጅቱ ሰው ብሎኗን ሲመልስ፣ እንዳትወልቅ የሚይዛትን ሽቦ ሳያስገባ ክዳኑን ዘጋው። መሬት ላይ ስትሞክረው ሠራ። አየር ላይ ብሎኗ ወለቀች። እጅህ የማይደርስበትን አምነህ ወጣህ፤ ይህ ጥፋት ከሆነ የማያጠፋ ሰው የለም።

ይህ ከታወቀ በኋላ ድርጅቱ ለሙት ዓመትህ የሰባ በሬ ላከ። አብሮም መልእክት ነበር፤ የሞተ አይመለስም፣ ጠጋኙም የልጆች አባት ነው፣ በእንግዶች ፊት ነገሩ አይነሣ የሚል። ፈንቴ በሬውን እየጎተተ ሊያስገባ ሲል በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ምን ይለናል ብሎ ተቆጣኝ። ሰው ያለውንማ ዓመቱን ሙሉ ስሰማው ነው የከረምኩት። በሬው በመጣበት እግሩ ወደ ቆላ ወረደ።

እንግዶችህ ሽሮና ንፍሮ በሉ። ቄሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ተነሥቼ ስለ ብሎኗና ስለ ሽቦው ነገርኳቸው። ስለ ኮርቻው ሲያወሩ የነበሩት ሽማግሌ ሲሰናበቱኝ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። ለጠጋኙ ልጆች አዝናለሁ። ብርቄ ግን የሌላ ሰው ጥፋት በአባቷ ስም እየተነገራት አታድግም።

ናፍቀኸኛል ልየው። ንዴቱ ሲበርድልኝ ናፍቆቱ ይብስብኛል፤ ስለዚህ እንዲበርድ አልፈልግም።

በጥር ፈረሰኞቹ ለዓመታዊ በዓላቸው ሲሰበሰቡ ዳማውን የምጋልበው እኔ ነኝ። ፈንቴ ነውር ነው ይላል፤ ይበል። ኮርቻህን ሁለት ጊዜ ስቤ እቀመጥበታለሁ። የማን ፈረስ ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ እስክሞት ድረስ፣ የልየው ነው እለዋለሁ፤ እሱ አልወደቀም፣ ጣሉት እንጂ።