ምህረትን ያሰሩበት ወንበር

የምህረት አባት፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ያለህበትን ፈጣሪ ያውቃል። ከቀበርንህ ይኸው ሁለተኛው ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ ያለ አንተ አለፈ። በዓሉም በዓል አልሆነልኝ። ከተማችን ሻንቶ እንዳለች ናት። የቤታችን በር ብቻ ቀለም ተቀብቷል፤ ወንድምህ ነው የቀባው።

የምጽፍልህ ስለ ልጃችን ነው። እንደሷ መቀመጥም መናገርም ላቃታቸው ልጆች ሶዶ ላይ ማዕከል ተከፍቷል ብላ የጤና ኤክስቴንሽኗ ነገረችኝ። በነጻ ነው ስትለኝ ጠረጠርኩ። ዊልቸር እናመጣለን ብለው፣ ፎቶዋን አንስተው የጠፉትን ሰዎች ረሳሃቸው እንዴ? ከዚያ ወዲያ እኮ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ከበር ትመልስ ነበር። ያ ቁጣህ እንዴት ናፈቀኝ!

ቢሆንም ወሰድኳት። ምን ላድርግ፣ ከብዳኛለች፤ እንደ አንተ አዝያት የትም አልደርስም። እዚያ ስንደርስ ልጅቷን ተቀብለው አንቺ ውጭ ጠብቂ አሉኝ። ለምን ውጭ? የሚደበቅ ምን አለ? ዞሬ በጓሮ መስኮት አየሁ። ልጄን የእንጨት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ደረቷንና ወገቧን በማሰሪያ ጥፍር አድርገው አስረዋታል!

አንዳንዱ ወላጅ ማሳ ሲወርድ እንደሷ ያለውን ልጅ ከምሰሶ ጋር አስሮ እንደሚሄድ ታውቃለህ። አንተ ግን ልጄን ገመድ አይነካትም ብለህ፣ ሰው እየሳቀብህ አዝለሃት ገበያ ትወጣ ነበር። ደሜ ፈላ። በሩን በርግጄ ገባሁ። ስናደድ አማርኛው ይጠፋኝ የለ፣ በወላይትኛ አወረድኩባቸው።

ማሰሪያውን ልፈታ ስጎነበስ ግን፣ ቀጥ አድርጎ ይዟት ምህረት እየበላች ነው። በወተት የተላወሰ ጎደሬ፣ ሳያንቃት፣ ሳያስላት፣ በአፍንጫዋ ሳይወጣ! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያንቃት የኖረው ጭናችን ላይ አንጋለን ማጉረሳችን ነው። የምታጎርሳት ሠራተኛ አልተቆጣችኝም፤ ማንኪያውን ሰጠችኝ። አልቅሼ አልቅሼ አጎረስኳት።

አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም። የሚረዳቸው አካል እጁን ሲሰበስብ እነሱም እንደዚያኞቹ እንዳይጠፉ እፈራለሁ። ውጭ ጠብቂ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ለምደውኛል። ወንድምህም ወንበሩን አይቶ ለቤት አምሳያውን ሠራልን። ማሰሪያውን እኔ ከጨርቅ ሰፋሁት፤ ገመድ አይደለም፣ እንዳትቆጣኝ።

ድሮ ስትበላ የምታየው ጣራውን ነበር። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እኔን ታየኛለች። ጉርሻ ሳዘገይባት ደግሞ ዓይኗን ታፈጥብኛለች። ዓይኑ ያንተ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት አቅፌያት አንድ ቀን አላስተዋልኩትም። አልረሳህም ብዬ ልምልልህ ነበር የተነሳሁት፤ እንዴት ብዬ እረሳሃለሁ? በየምግቡ ሰዓት እኮ ፊቴ ቁጭ ብለህ ቶሎ በይ ትለኛለህ።

የምህረት እናት